የፍሳሽ እርሾና ሻጋታ፡- ቁጥሩ የሚመሰክረው መቼ ነው?

ጋይንት ውስጥ የምትገኘው ቤተ ልሔም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዓለም የምትታወቀው በድጓ ማስመስከሪያነቷ ነው፡፡ ደቀ መዝሙሩ የቅዱስ ያሬድን ድጓ የትም ጉባኤ ቤት ቢማር፣ ድምፁ ቢያምር፣ ምልክቱን ጠንቅቆ ቢያውቅ፣ ቤተ ልሔም ወርዶ ከመምህሩ ፊት ካላስመሰከረ በነባሩ ሥርዓት ወንበር ዘርግቶ ለማስተማር ይቸገራል፡፡ ለዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ ዙር አምባ እንደዚሁ ናት፡፡ አባቶች ይህን ሥርዓት ሲሠሩ የተረዱት አንድ ትልቅ ነገር አለ፡፡ ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ዕውቀት ምስክር ያስፈልገዋል፡፡

ዛሬ ላነሳው የፈለግኩት ግን ዜማ ሳይሆን የፍሳሽ ቆሻሻ ነው፡፡ በተለይም ከፋብሪካ፣ ከሆስፒታልና ከመኖሪያ ቤት በሚወጣ ፍሳሽ ውስጥ ያሉ እርሾዎችና ሻጋታዎች በላቦራቶሪ እንዴት እንደሚቆጠሩና ቁጥሩ በሕግ ፊት ምን ዋጋ እንዳለው ነው፡፡ ከቤተ ልሔም የተነሳሁት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ አንባቢ ወደ ኋላ ላይ ይረዳልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፡፡

የሃይላንዱ ውኃ

ከብዙ ዓመታት በፊት ነው፡፡ ከአንድ ፋብሪካ በታች፣ በወንዝ ዳር የሚኖሩ ሦስት ገበሬዎች ቢሮዬ መጡ፡፡ ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ሰው ከጋቢያቸው ሥር አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ «ጌታው፣ ውኃው እንደ ድፍድፍ ነው የሚሸት፤ ከብቶቻችንም እንቢ አሉ» አሉኝ፡፡ ጠርሙሱን ለመክፈት ስሞክር እንደ ለስላሳ ፍስስ አለ፡፡ ውኃው ከተቀዳ ሦስት ቀኑ ነበር፡፡

እኔም በወቅቱ ብዙ የማውቅ መስሎኝ ጠርሙሱን ወደ ላቦራቶሪ አስላክሁ፡፡ ውጤቱ መጣ፡፡ የእርሾው ቁጥር የትየለሌ ነው፡፡ ደስ አለኝ፡፡ ወረቀቱን ከክሱ ጋር አያይዤ አቀረብኩ፡፡ የተከሳሽ ጠበቃ የጠየቀው ሦስት ጥያቄ ብቻ ነበር፡፡ ውኃውን የቀዳው ማን ነው? መቼና ከየትኛው ቦታ ነው የተቀዳው? ጠርሙሱ ከዚያ በፊት ምን ነበረበት? ለአንዱም በቂ መልስ አልነበረንም፡፡ እርሾ ምግብና ሙቀት ካገኘ በሁለት ሰዓት አካባቢ ራሱን ሊያጥፍ ይችላል፡፡ በሦስት ቀን ውስጥ በጠርሙሱ የተራባው ከወንዙ የመጣ ይሁን ጠርሙሱ ውስጥ የተወለደ ማንም ሊለይ አይችልም፡፡ ወረቀቱ ከማስረጃነት ተሰረዘ፤ ገበሬዎቹም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፡፡ ጥፋቱ የእነርሱ አልነበረም፡፡ ሕጉን እንጂ ናሙናውን ያላወቀው እኔው ነኝ፡፡

እርሾና ሻጋታ ምንድን ናቸው?

ሁለቱም የፈንገስ ወገን ናቸው፡፡ እርሾ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለውና አብዛኛውን ጊዜ በማቆጥቆጥ የሚራባ ሲሆን፣ ሻጋታ ግን ክር መሳይ አካል እየዘረጋ የሚያድግና ስፖር የሚባል ብናኝ ዘር የሚበትን ነው፡፡ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ባለሙያ ሴት ይህ ትምህርት አዲስ አይደለም፡፡ ሊጡ ላይ ያቆረውን እርሾ ለቀጣዩ ቡኮ ታስቀምጣለች፤ በክረምት ሞሰብ ውስጥ አረንጓዴ ነጥብ ያወጣውን እንጀራ ደግሞ ትጥላለች፡፡ ጠላ ከመጥመቋ በፊት ጋኑን በግራዋ አሽታ አጥባ በወይራ የምታጥነውም የማትፈልገው እንዳይገባባት ነው፡፡ የድጓ ተማሪውም ብራናው እርጥበት ካገኘው ሻጋታ ምን እንደሚያደርገው ያውቃል፡፡

ስለዚህ እነዚህ ፍጥረታት በራሳቸው ጠላት አይደሉም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1962 ስቱዋርትና ጌታቸው የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ እንጀራ ባሳተሙት ጥናት እርሾው ውስጥ ካንዲዳ ጊሊየርሞንዲ የሚባለውን ፈንገስ ማግኘታቸውን ገልጸዋል፡፡ ካንዲዳ የሚለው ስም በሆስፒታል ሲሰማ ያስደነግጣል፤ በቡኮ ዕቃችን ውስጥ ግን የዕለት እንጀራችን ባልንጀራ ነው፡፡ ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፡፡ በፍሳሽ ውስጥ «እርሾ ተገኘ» የሚል ውጤት ብቻውን የማንም ወንጀል ማስረጃ አይደለም፡፡

ወደ ፍሳሽ የሚገቡት ከየት ነው?

በገጠሩ ቤት ብክነት እምብዛም የለም፡፡ አተላው ለከብት ይሰጣል፣ የጋኑ እጣቢ ጓሮ ይደፋል፣ አፈሩም ሥራውን ይሠራል፡፡ ነገሩ የሚለወጠው መጠኑ ሲጨምር ነው፡፡ የቢራ ፋብሪካ በየጠመቃው ማብቂያ ብዙ ያገለገለ እርሾ ይተርፈዋል፡፡ ይህ እርሾ ለከብት መኖ ካልዋለና ከታንክ እጣቢ ጋር ወደ ቦይ ከተለቀቀ፣ የወንዙን ኦክስጅን የሚበላ ከባድ ጭነት ይሆናል፡፡ የዳቦና የዱቄት፣ የስኳር፣ የወተትና የጭማቂ ፋብሪካዎች ፍሳሽም ጣፋጭና አሲዳማ በመሆኑ ለእርሾና ለሻጋታ ድግስ ነው፡፡ የቆዳ ፋብሪካዎች ጥሬ ቆዳና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ስታርችም ሻጋታ ይስባሉ፡፡ ከመኖሪያ ቤትና ከሆስፒታል ደግሞ በሰው ቆዳና አንጀት ላይ የሚኖሩት ይመጣሉ፡፡

በአገራችን እነዚህ ምንጮች በአንድ ወንዝ ላይ ሲገናኙ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፡፡ ትልቁና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ይዘው አባ ሳሙኤል ይገናኛሉ፤ በዳርና ዳራቸው ደግሞ ለከተማዋ ገበያ ጎመንና ሰላጣ ሲለማ ኖሯል፡፡ ኮምቦልቻ ላይ ቢራ፣ ጨርቃ ጨርቅና ቆዳ በአንድ ከተማ ይመረታሉ፤ የከተማዋም ውኃ ወደ ቦርከና፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል፡፡ የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወረዳዎች ገና የፋብሪካ አገር አይደሉም፡፡ ነገር ግን ንፋስ መውጫና መካነ ኢየሱስን የመሰሉ ከተሞች እያደጉ ነው፡፡ የስማዳም ውኃ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይወርዳል፡፡ ሥርዓቱን መማር ያለብን ወንዙ ከመሽተቱ በፊት ነው፡፡

ለምን ይቆጠራሉ?

የውኃ ምርመራ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው የዓይነ ምድር ኮሊፎርም ባክቴሪያን ነው፡፡ ኮሊፎርም ግን ለሁሉም ጠበቃ አይሆንም፡፡ የብዙ ሻጋታዎች ስፖር ክሎሪንን ከኮሊፎርም በተሻለ ይቋቋማል፡፡ ኮሊፎርሙ የሞተበት ፍሳሽ ከፈንገስ ነፃ ነው ማለት አይቻልም፡፡

ቆጠራው በተግባር ሦስት ጥቅም አለው፡፡ አንደኛው የማጣሪያ ጣቢያን ሥራ መመዘን ነው፡፡ ቃሊቲን እንውሰድ፡፡ ነባሩ የኩሬዎች ጣቢያ የታነፀው በቀን 7,600 ኪዩቢክ ሜትር ለማጣራት ነበር፤ በኋላ የተገነባው ግን ለ100,000 ኪዩቢክ ሜትር ነው፡፡ በየትኛውም ጣቢያ ሲገባ የተቆጠረውና ሲወጣ የተቆጠረው ሲነፃፀር የጣቢያው ጉልበት ይታወቃል፡፡ አየር እየተነፋ በሚሠራ ጣቢያ ውስጥም ፍሳሹ ሲኮመጥጥ ክር አብቃይ ፈንገሶች ይበዙና ዝቃጩ አልረጋም ይላል፤ ቆጠራው ይህንን አስቀድሞ ይጠቁማል፡፡

ሁለተኛው ምንጭን መፈለግ ነው፡፡ ከቦይ በላይ ጥቂት፣ ከቦይ በታች ግን እጅግ ብዙ እርሾ ከተገኘ ቦዩ ራሱ መልስ እንዲሰጥ ይጠየቃል፡፡

ሦስተኛው ጤና ነው፡፡ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ቅድሚያ የሚሰጣቸውን 19 ፈንገሶች ዝርዝር ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣ፡፡ እጅግ አሳሳቢ በተባለው ምድብ ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስ፣ ካንዲዳ አውሪስ፣ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስና ካንዲዳ አልቢካንስ ይገኛሉ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸውና ብዙ መድኃኒት የማይበግረው ካንዲዳ አውሪስ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ደቡባዊ ኔቫዳ በፍሳሽ ቆሻሻ ውስጥ ተለይቷል፡፡ የሆስፒታልን ፍሳሽ መመርመር በዎርዱ ውስጥ የሚዛመተውን ለማወቅ ይረዳል ማለት ነው፡፡

ናሙናው እንዴት ይወሰድ?

እኔ የተሸነፍኩት እዚህ ላይ ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ፡፡ ዕቃው በሙቀት ከጀርም የፀዳ፣ ሰፊ አፍ ያለው የላቦራቶሪ ጠርሙስ መሆን አለበት፡፡ ፍሳሹ ክሎሪን የገባበት ከሆነ ጠርሙሱ ውስጥ አስቀድሞ ሶዲየም ታዮሰልፌት ይጨመራል፤ አለበለዚያ ክሎሪኑ በመንገድ ላይ መግደሉን ይቀጥልና ውጤቱ ሐሰት ይሆናል፡፡ ጠርሙሱ እስከ አፉ አይሞላም፤ ለመነቅነቂያ የሚሆን ባዶ ቦታ ይተውለታል፡፡

ናሙናው ቢያንስ ከሦስት ቦታ ይወሰዳል፡፡ ከቦዩ አፍ፣ ከቦዩ በላይ ካለው ወንዝና ከቦዩ በታች ካለው ወንዝ፡፡ ከላይ ያልተቀዳ ውኃ ከታች ያለውን ሊከስ አይችልም፡፡ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የቀጂው ስም ወዲያው ይጻፋል፡፡ ከዚያም በበረዶ ሳጥን ውስጥ ሆኖ፣ ሳይረጋ ግን እንደቀዘቀዘ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፤ ቢፈጥን ደግሞ የተሻለ ነው፡፡ ናሙናው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰጪና ተቀባይ ሰዓት ጽፈው ይፈራረማሉ፡፡ ከንፋስ መውጫ እስከ ባሕር ዳር ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑን ስናስብ፣ በረዶውና መኪናው ከመርማሪው እኩል አስፈላጊ ናቸው፡፡

በላቦራቶሪው ውስጥ

መርማሪው መጀመሪያ የሚያደርገው ፍሳሹን ማቅጠን ነው፡፡ አንድ እጅ ፍሳሽ በዘጠኝ እጅ ንፁህ መሟሟቻ ይበረዛል፤ ከዚያ ላይ አንድ እጅ ተወስዶ እንደገና በዘጠኝ፣ እንዲህ እያለ በአሥር በአሥር እጥፍ ይቀጥናል፡፡ ሳይቀጥን የተዘራ ፍሳሽ እንደ ምንጣፍ ስለሚበቅል አይቆጠርም፡፡

ከቀጠነው ላይ 0.1 ሚሊ ሊትር ተወስዶ አጋር በሚባል የረጋ የማብቀያ ምግብ ላይ ይቀባል፡፡ ምግቡ ለፈንገስ የሚስማማ ሆኖ፣ ባክቴሪያ እንዳይሻማበት ክሎራምፌኒኮል የመሰለ መድኃኒት ይገባበታል፡፡ ሻጋታው ተንሰራፍቶ ሌላውን እንዳይሸፍን ደግሞ ሮዝ ቤንጋል የሚባል ቀለም ይጨመራል፡፡ ይህ ቀለም ብርሃን ሲያገኘው ፈንገሱን የሚመርዝ ውህድ ስለሚፈጥር ሳህኖቹ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣሉ፡፡

ሳህኖቹ በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ለ5 ቀናት ይቆያሉ፤ ዘገምተኛ ሻጋታዎች ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ፡፡ የባክቴሪያ ሳህን ተገልብጦ ሲቀመጥ የሻጋታው ግን ሳይገለበጥና ሳይነካካ ይቀመጣል፤ ከተናወጠ ስፖሩ ይበተንና አዲስ መንደር ይቆረቁራል፡፡ በመጨረሻም ልሙጥና ወተት መሳይ የሆኑት በእርሾ፣ ጥጥ ወይም ዱቄት የሚመስሉት በሻጋታ ተከፍለው ይቆጠራሉ፡፡ በጥርጣሬ ላይ ያለው በማይክሮስኮፕ ይታያል፡፡ ምንም ያልተዘራበት ሳህንም አብሮ መቀመጥ አለበት፡፡ በእርሱ ላይ ሻጋታ ከበቀለ የመጣው ከላቦራቶሪው አየር ወይም ዕቃ ነውና ምርመራው ይደገማል፡፡

ስሌቱ ቀላል ነው፡፡ ለምሳሌ 1,000 ጊዜ ከቀጠነው ፍሳሽ 0.1 ሚሊ ሊትር ተዘርቶ 42 የእርሾ ኮሎኒ ቢበቅል፣ 42 በ10 ከዚያም በ1,000 ይባዛል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 420,000 ይሆናል፡፡ በተለመደው አሠራር ከ150 በላይ ኮሎኒ የበቀለበት ሳህን አይያዝም፤ ይበልጥ የቀጠነው ይወሰዳል፡፡

ቁጥሩን እንዴት እናንብበው?

አንደኛ፣ የተቆጠረው ኮሎኒ እንጂ ነፍስ አይደለም፡፡ የተያያዙ አሥር ሕዋሶች አንድ ኮሎኒ ሊያበቅሉ ይችላሉ፤ አንድ ሻጋታ የበተናቸው መቶ ስፖሮች ደግሞ መቶ ኮሎኒ፡፡ በመሆኑም የእርሾ ቁጥር ከሻጋታ ቁጥር ይልቅ ለመተርጎም ይመቻል፡፡ ሁለተኛ፣ ጠቅላላ ቆጠራ ስም አይጠራም፡፡ 420,000 የዳቦ እርሾ ሊሆን ይችላል፤ በሽታ አምጪም ሊኖርበት ይችላል፡፡ ስም ከተፈለገ በሌላ ሙቀት ማብቀል ወይም የዘረ መል ምርመራ ያስፈልጋል፡፡ ሦስተኛ፣ የአንድ ቀን ናሙና የአንድ ቀን ወሬ ነው፡፡ ፋብሪካ ታንክ ያጠበበት ማክሰኞና ሥራ ያቆመበት እሑድ አንድ አይደሉም፡፡

አራተኛው ደግሞ የሕግ ሰውን የሚያሳስበው ነው፡፡ ቁጥሩ ከምን በላይ ሆነ? የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ፍሳሽን ለእርሻ ስለመጠቀም ያወጣው መመሪያ የሚመካው በኢ. ኮላይና በአንጀት ትላትል እንቁላል ላይ ነው፤ ለእርሾና ለሻጋታ ጣሪያ አላስቀመጠም፡፡ በአገራችንም የፋብሪካ ፍሳሽ የሚለካው በዋናነት በአሲድነቱ፣ በኦክስጅን ፍላጎቱ፣ በተንሳፋፊ ጠጣሩና በኬሚካሎቹ ነው፡፡ እንግዲህ «420,000» ብቻውን ይዞ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው፣ የፍጥነት ወሰን ባልተለጠፈበት መንገድ ላይ ፍጥነትን እንደሚከስ ሰው ነው፡፡ ከኦክስጅን ፍላጎቱ ልኬት ጋር አያይዞ፣ የላዩንና የታቹን አነፃፅሮ የሚሄድ ግን ታሪኩን በሙሉ ይናገራል፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንፁህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል፡፡ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ መብቱን እግር አውጥቶለታል፡፡ በአዋጁ መሠረት የአካባቢ ተቆጣጣሪ ቅድሚያ ሳያስታውቅ ወደ ተቋም ገብቶ ያለ ክፍያ ናሙና መውሰድና ማስመርመር ይችላል፡፡ አንቀጽ 11 ከሁሉም ይልቅ ለዜጋው የቀረበ ነው፡፡ ማንኛውም ሰው፣ ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በካዩን ለሚመለከተው የፌዴራል ወይም የክልል የአካባቢ መሥሪያ ቤት መክሰስ ይችላል፡፡ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል፡፡ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አንቀጽ 519 አካባቢን መበከልን በወንጀል ያስቀጣል፡፡

መብቱ ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ ወደ ፍርድ ቤት የደረሰው ጉዳይ ጥቂት ነው፡፡ ከሚጠቀሱት አንዱ አፓፕ የተባለው የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2006 በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ሳቢያ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን የከሰሰበት ነው፡፡ ክሱ ውድቅ ተደረገ፤ ወንዞቹ ምን እንደያዙ የሚለው ፍሬ ነገር በማስረጃ ሳይመረመር ቀረ፡፡ ከዚህ የምንማረው በመጀመሪያ ትክክለኛውን ተከሳሽ፣ ማለትም የቦዩን ባለቤት፣ ማግኘት እንዳለብን ነው፡፡ ቦዩን ከባለቤቱ ጋር የሚያገናኘው ደግሞ በሥርዓት የተወሰደ ናሙና ነው፡፡

ምን ይደረግ?

ለዜጋው የምመክረው በራስ ጠርሙስ ከመቅዳት ይልቅ አንቀጽ 11ን ተጠቅሞ ማመልከቻውን በጽሑፍ አስገብቶ፣ ተቆጣጣሪው መጥቶ እንዲቀዳ መጠየቅ ነው፡፡ ማመልከቻው የገባበት ቀን ይመዝገብ፤ 30ው ቀን ከዚያ ይቆጠራልና፡፡ ለጠበቆች ባልደረቦቼ፣ ላቦራቶሪ ስትመርጡ በአይ.ኤስ.ኦ 17025 አክሬዲቴሽን ያለው መሆኑን ብቻ ሳይሆን፣ አክሬዲቴሽኑ ለየትኛው ምርመራ እንደተሰጠ ጠይቁ፡፡ ለኮሊፎርም የተሰጠ ምስክርነት ለሻጋታ አይሠራም፡፡ ለመንግሥት ደግሞ፣ ቢያንስ ለቢራና ለምግብ ፋብሪካዎች፣ ለሆስፒታሎችና አትክልት ለሚጠጣው ፍሳሽ የእርሾና የሻጋታ ቆጠራ በመደበኛ ምርመራ ውስጥ ይግባ፤ ተነፃፃሪ መረጃ ሲጠራቀም ጣሪያ ማስቀመጥ ይቻላል፡፡ ሳይቆጥሩ ጣሪያ መወሰን ግን ልኩ ሳይታወቅ ልብስ መስፋት ነው፡፡

እነዚያ አዛውንት ጠርሙሱን ይዘው ሲመጡ ያወቁት ነገር ትክክል ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ፡፡ ድፍድፍ የሚሸት ውኃ ምን እንደሆነ ጠላ ሲጠመቅበት ባደገ ቤት የኖረ ሰው አይሳሳትም፡፡ የጎደላቸው ዕውቀት ሳይሆን ዕውቀታቸውን በፍርድ ቤት ፊት የሚያስመሰክርላቸው ሰው ነበር፡፡ የድጓ ተማሪ ቤተ ልሔም የሚወርደው ያላወቀውን ሊማር ብቻ አይደለም፤ ያወቀውን ሊያስመሰክር ነው፡፡ ውኃችንም እንዲሁ ነው፡፡ ወንዙ ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ሳናስመሰክርለት ግን ወንዙ ይረታል፡፡